ጠጅን የሚያኮመጥጠው ኢንዛይምና የኤሌክትሪክ መኪናችን ማግኔት

ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ አራት ኪሎ ባለው መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያሳወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ባትሪው፣ ስለ ቻርጀሩና ስለ መለዋወጫው ብዙ ተብሏል፣ ብዙ ተጽፏል። በሞተሩ ውስጥ ስላለው ማግኔት ግን የሚናገር ሰው እምብዛም አይገኝም። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚያ ማግኔትና በአንድ የባክቴሪያ ኢንዛይም (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ቤተሰብ ዝምድና ላይ ነው። ክዳኑ ክፍት የተተወ ጠጅን የሚያኮመጥጠው ኢንዛይም የዚያው ቤተሰብ አባል ነው። ዝምድናው እውነተኛ ነው፤ ለእኛም ሊጠቅመን ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ከማግኔቱ እንጀምር። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሮች ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን የተሠራ ቋሚ ማግኔት አላቸው። በአንድ ሞተር ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ የሚሆን ማግኔት ይገኛል፤ ከክብደቱ 30 በመቶ ያህሉ ብርቅዬ ማዕድናት ከሚባሉት ወገን ነው። ሞተሩ ሲግል ማግኔቱ ጉልበቱን እንዳያጣ ጥቂት ዲስፕሮሲየም ወይም ተርቢየም ይጨመርበታል። ከዓለም የተጣራ ብርቅዬ ማዕድን 90 በመቶ ያህሉ የሚወጣው ከቻይና ማጣሪያዎች ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ዲስፕሮሲየምና ተርቢየምን ጨምሮ ከብርቅዬ ማዕድናቱ ሰባቱ ያለ ልዩ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ ስታደርግ፣ በጃፓን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ አንዳንድ የመኪና ፋብሪካዎች በሳምንታት ውስጥ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስማቸው ብርቅዬ ይሁን እንጂ በምድር ቅርፊት ውስጥ ያላቸው መጠን ያን ያህል ጥቂት አይደለም፤ ሴሪየም ከመዳብ የማይተናነስ መጠን አለው። ችግሩ አንዱን ከሌላው መለየቱ ላይ ነው። ከብርቅዬ ማዕድናት የሚበዙት አሥራ አምስቱ ላንታናይዶች በውሃ ውስጥ ሲሟሙ ሁሉም ለማለት ይቻላል ሦስት አዎንታዊ ሙል (የኤሌክትሪክ ቻርጅ) ይዘው ነው የሚገኙት፤ ሙል የያዘ አቶም አዮን ይባላል፤ በኬሚካዊ ጠባያቸውም ይመሳሰላሉ። የሚለያዩት በመጠን ብቻ ነው፣ እሱም በጥቂቱ፦ ከትልቁ ከላንታነም እስከ ትንሹ ሉቴሺየም ድረስ የአዮናቸው ራዲየስ ከ103 ወደ 86 ፒኮሜትር (የሜትር ትሪሊዮንኛ) ገደማ ይወርዳል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ያለው ልዩነት ከአንድ ወይም ከሁለት ፒኮሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ማጣሪያዎቹ ማዕድኑን በጠንካራ አሲድ አሟሙተው፣ ከኬሮሲን መሰል ፈሳሽ ጋር ደጋግመው ያዋህዱታል፤ አንዳንዴም በመቶዎች የሚቆጠር ደረጃ ያልፋል። ከዚያ የሚተርፈው አሲድና ዝቃጭ ብዙ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከማዕድኑ ጋር አብሮ የሚወጣ ጨረር አመንጪ ቶሪየም አለበት። ይህን ቆሻሻ በደጁ ለማስተናገድ የሚፈቅድ ሕዝብ በቀላሉ አይገኝም። አንድ አገር ገበያውን ሊቆጣጠር የቻለበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ባክቴሪያዎቹ እንምጣ።

አልኮል የሚበላ ፍጥረት አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ከአልኮሉ ላይ ሁለት ሃይድሮጅን ከሁለት ኤሌክትሮኖቻቸው ጋር ይነጥቃል። ኢታኖል ሲነጠቅ አሴታልዴሃይድ ይሆናል፣ ሜታኖል ሲነጠቅ ደግሞ ፎርማልዴሃይድ። የእኛ ጉበት ይህን የሚሠራው ዚንክ ባለው ኢንዛይም ነው፤ የተነጠቁትን ኤሌክትሮኖች የሚቀበለው ኤን.ኤ.ዲ. የሚባል ሞለኪውል ነው። ኤን.ኤ.ዲ. ከፒያሳ ተሳፋሪ ጭኖ መርካቶ አራግፎ እንደሚመለስ ሚኒባስ ነው፤ ኢንዛይሙ ላይ ለአፍታ ይቆማል፣ ኤሌክትሮኑን ይጭናል፣ ሌላ ቦታ ያራግፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። (ሜታኖል የጠጣ ሰው ዓይኑ የሚጠፋው፣ ሕይወቱም የሚያልፈው በዚሁ ኢንዛይም ምክንያት ነው። ጉበት ሜታኖሉን ወደ ፎርማልዴሃይድ፣ ቀጥሎም ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል፤ የዓይን ነርቭን የሚያጠፋው ይህ አሲድ ነው። ሐኪሞች ፎሜፒዞል የሚባለውን መድኃኒት፣ እሱ ከሌለ ደግሞ ኢታኖል የሚሰጡት ኢንዛይሙን ከሜታኖል ለማገድ ነው።)

ብዙ ባክቴሪያዎች ግን ሌላ መንገድ አላቸው። በእነሱ ኢንዛይም ውስጥ ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው ፒሮሎኩዊኖሊን ኩዊኖን፣ በአጭሩ ፒኪውኪው፣ የሚባል አጋዥ ሞለኪውል ነው። ኩዊኖኖች ሁለት ኦክስጅን በቀለበታቸው ላይ የያዙ ሞለኪውሎች ናቸው፤ ሁለት ኤሌክትሮን በአንድ ጊዜ ተቀብለው አንድ በአንድ መልቀቅ ይችላሉ። ፒኪውኪው ከኢንዛይሙ መካከል አይነቃነቅም። ከጎኑ አንድ የብረታ ብረት አዮን አለ፤ አዮኑ ከኩዊኖኑ ኦክስጅን ጋር ተያይዞ ኤሌክትሮን የመሳብ ጉልበቱን ይጨምርለታል። የተነጠቀው ኤሌክትሮን ሄም የሚባል ብረት ያዘለ ክፍል ወዳላቸው ፕሮቲኖች ወይም በባክቴሪያው ሽፋን ውስጥ ወደሚገኝ ሌላ ኩዊኖን ይተላለፋል፤ በመጨረሻም ኦክስጅን ዘንድ ይደርሳል። ሥራው የሚካሄደው በባክቴሪያው ሁለት ሽፋኖች መካከል ባለው ክፍተት ነው። አልኮሉ ወደ ሴሉ ውስጠኛ ክፍል መግባት አያስፈልገውም፣ መርዛማው ውጤትም ውስጥ አይከማችም። ሥራው ፈጣን የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የፒኪውኪው ግኝት ረጅም ታሪክ አለው፤ በሁለት ሰልፍ ነው የመጣው። በ1964 ኖርዌያዊው ሃውገ ግሉኮስ የሚያቃጥል አንድ የባክቴሪያ ኢንዛይም ሲያጠና፣ ከኤን.ኤ.ዲ.ም ሆነ ያኔ ከሚታወቁት አጋዦች ሁሉ የተለየ ነገር እንዳለበት አየ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አንቶኒና ዛትማን በሜታኖል ኢንዛይም ውስጥ ተመሳሳይ ያልታወቀ ነገር አገኙ። ያ ነገር ምን እንደሆነ በክሪስታል ጥናት የታወቀው ግን በ1979 ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ባክቴሪያው ሞለኪውሉን የሚሠራው ከአንዲት አጭር ፕሮቲን ላይ ሁለት አሚኖ አሲዶችን፣ ግሉታሚክ አሲድና ታይሮሲንን፣ አዋሕዶ ነው። በኢንተርኔት ለጤናና ለማስታወስ ችሎታ ተብሎ ስለሚሸጠው የፒኪውኪው እንክብል ለሚጠይቁ አንድ ነገር ልበል፦ በ2003 አዲስ ቫይታሚን ነው የሚል ጥናት ወጥቶ ነበር፤ ሌሎች ተመራማሪዎች መሠረቱ ስህተት መሆኑን አሳዩ። ዛሬም ቫይታሚን ተብሎ አልተመዘገበም።

የሃውገ ኢንዛይም ዘመዶች ከጊዜ በኋላ ሆስፒታል ገብተዋል። አንዳንድ የስኳር መለኪያ ስትሪፖች የሚሠሩት በዚሁ ፒኪውኪው ባለው የግሉኮስ ኢንዛይም ነው። ኦክስጅን ስለማይፈልግና ፈጣን ስለሆነ ተመራጭ ነበር። ጉድለቱ ግሉኮስን ከማልቶስ፣ ከጋላክቶስና ከዛይሎስ አጥርቶ አለመለየቱ ነው። ከኩላሊት እጥበት ፈሳሾች አንዱ፣ አይኮዴክስትሪን የሚባለው፣ በሰውነት ውስጥ ወደ ማልቶስ ይሰበራል፤ ስትሪፑም ያን ማልቶስ እንደ ግሉኮስ ቆጥሮ ከፍተኛ ስኳር ያሳያል። ሐኪሙ ኢንሱሊን ይጨምራል፣ የታማሚው እውነተኛ ስኳር ግን ዝቅተኛ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በነሐሴ 2009 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከ1997 ጀምሮ ከዚህ ስህተት ጋር የተያያዙ 13 ሞቶች እንደተመዘገቡ ገልጿል። ከዚያ ወዲህ አምራቾች ኢንዛይሙን አሻሽለዋል ወይም ለውጠዋል። በጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉ ፋርማሲዎች ስትሪፕ የሚገዛ፣ በተለይም በሆድ በኩል የኩላሊት እጥበት የሚደረግለት ቤተሰብ ያለው ሰው፣ በማሸጊያው ወረቀት ላይ የኢንዛይሙን ዓይነትና ስለ ማልቶስ የተጻፈውን ያንብብ።

ጠጁ ጋ ደረስን። ጠጅ በእርሾ የሚፈላ መጠጥ ነው፤ የማሩን ስኳር ወደ ኢታኖል የሚለውጠው እርሾ አየር አይፈልግም። አሴቶባክተር የሚባሉት ባክቴሪያዎች ግን ያለ አየር አይሠሩም። በሽፋናቸው ላይ የተተከለው ፒኪውኪውና ካልሲየም ያለው ኢንዛይም ኢታኖሉን ወደ አሴታልዴሃይድ፣ ጎረቤቱ ያለው ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጠዋል። ሁለቱም ኤሌክትሮኑን በሽፋኑ ውስጥ ላለው ኩዊኖን፣ ለዩቢኩዊኖን፣ ያስረክባሉ፣ ከዚያ ወደ ኦክስጅን ይሄዳል። የጠጅም ሆነ የጠላ መኮምጠጥ ሁሉ የእነዚህ ሥራ ነው ማለት አይደለም፤ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ያለ አየርም ያኮመጥጣሉ። አፍንጫ የሚሰነፍጠው የሆምጣጤ ሽታ ሲመጣ ግን ተጠያቂዎቹ በአብዛኛው አሴቶባክተሮች ናቸው።

ቁጥሩን ማስላት እዚህ ላይ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ጠጅ ነጋዴ ገንዘብ የሚያጣበት ቦታ ነው። አንድ ግራም አሴቲክ አሲድ እንዲፈጠር ከግማሽ ግራም ትንሽ የሚበልጥ ኦክስጅን ያስፈልጋል። በባሕር ጠለል ላይ ያን ያህል ኦክስጅን የሚገኘው ሁለት ሊትር ያህል አየር ውስጥ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ይሆናል። 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ውስጥ ግማሹ ጠጅ፣ ግማሹ አየር ከሆነ፣ ክዳኑ ጨርሶ ባይከፈት እንኳ እዚያ ውስጥ የተዘጋው አየር ብቻ አራት ግራም ያህል አሲድ ለመሥራት ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሊትር ጠጅ 0.4 ግራም ማለት ነው፤ ያ ገና አይሰነፍጥም። ክዳኑ ለእያንዳንዱ ብርሌ በተከፈተ ቁጥር ግን አዲስ አየር ይገባል፣ አሲዱ በሊትር ከአንድ ግራም በላይ ሲሆን ምላስ ይነቃል። ስለዚህ የማከማቻ ምክሩ ቀላል ነው፤ ትልቁን ዕቃ ሙሉ አድርጎ መዝጋት፣ የተጀመረውን ደግሞ ወደ ትናንሽ ዕቃዎች እስከ አፋቸው መገልበጥ። ማቀዝቀዣ ያለው ቢያቀዘቅዘው ይሻላል። ከኢንዛይሙ ኦክስጅኑን መንፈግ ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል።

የኮመጠጠውም ቢሆን የሚደፋ አይደለም። ኢታኖል ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ አንድ በመቶ አልኮል አንድ በመቶ ያህል አሲድ ይሰጣል። 10 በመቶ አልኮል ያለው ጠጅ፣ ኪሳራው ተቀንሶ እንኳ፣ በወጥ ቤት የምንጠቀምበትን የ4 ወይም የ5 በመቶ አቼቶ ለመሥራት ከበቂ በላይ ነው፤ ውሃ ተጨምሮበት እጥፍ ይሆናል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ አልኮሉ ሲያልቅ አሴቶባክተር ራሱን አሴቲክ አሲዱን መብላት ይጀምራል፣ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይለውጠዋል። ሆምጣጤ ሲበስል ከአየር መለየት፣ ቢቻልም በእሳት ማፍላት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መሃል ከተማ ያሉ ጠጅ ቤቶች የማር ሆምጣጤ ሠርተው ለሬስቶራንቶች ሲሸጡ ማየት እመኛለሁ፤ ዕውቀቱ አለ፣ ጥሬ ዕቃውም በየቀኑ ይፈስሳል።

እስካሁን በተነገረው ሁሉ ከፒኪውኪው ጎን ያለው ብረታ ብረት ካልሲየም ነበር። የኬሚስትሪ መጻሕፍትም ለዓመታት ያስተማሩት ይህንኑ ነው። በሜታኖል በላተኞቹ ባክቴሪያዎች ዘንድ ግን አንድ እንቆቅልሽ ነበር። ብዙዎቹ በካልሲየም ከሚሠራው ኢንዛይም ጎን ለጎን ለሌላ ተመሳሳይ ኢንዛይም የሚሆን ዘረመል ይይዛሉ፤ ዘረመሉ በአፈርና በውቅያኖስ ውስጥ ከካልሲየሙ ይልቅ በብዛት ይገኛል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ምንም የሚሠራ አይመስልም ነበር። በ2011 የጃፓን ተመራማሪዎች ላንታነም ሲጨመርበት ኢንዛይሙ እንደሚነቃ አሳዩ። ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

ነገሩን የማያከራክር ያደረገው በኔፕልስ አጠገብ፣ ሶልፋታራ በተባለ እሳተ ገሞራ ውስጥ የተገኘ ባክቴሪያ ነው። ሜቲላሲዲፊለም ይባላል፤ ሚቴን ይበላል (መጀመሪያ ወደ ሜታኖል እየለወጠ)፣ ከሎሚ ጭማቂ በማይተናነስ አሲድ ውስጥ በ55 ዲግሪ አካባቢ ይኖራል። በኔዘርላንድስ ናይሜኸን የሚገኙት ተመራማሪዎች ላቦራቶሪ ውስጥ በሚገባ እንዲያድግ ከራሱ ከሶልፋታራ ጭቃ ውሃ መጨመር ነበረባቸው። በውሃው ውስጥ ያለው ያ የማይታወቅ አስፈላጊ ነገር ምንድነው? እነ አርያን ፖል በ2014 ባሳተሙት ጥናት መልሱን ሰጡ፦ ላንታናይድ ነው። ባክቴሪያው ያለው የሜታኖል ኢንዛይም ያ ሥራ የለውም የተባለው ዓይነት ብቻ ነው፤ ያለ ላንታነም፣ ሴሪየም፣ ፕራሴዎዲሚየም ወይም ኒዮዲሚየም አያድግም። በሕያዋን ውስጥ ለላንታናይድ የተሰጠ ሥራ መኖሩ በማያጠራጥር ሁኔታ የተረጋገጠው ያኔ ነው። በካልሲየም ሙሉ በሆነ ላቦራቶሪ ውስጥ ይህን ያህል ዓመት ሳይታይ የቆየው ማንም ላንታናይድ ወደ ምግባቸው ስላልጨመረ ነው። ሊጨምር የሚያስብበት ምክንያትም አልነበረውም፤ ማዕድናቱ በተፈጥሮ ሕይወት ውስጥ ሥራ የላቸውም ተብሎ ተጽፎ ነበርና።

ላንታናይድ ለምን ይሻላል? በአዮኑ ላይ ያለው ሙል ሦስት ነው፣ የካልሲየም ሁለት ነው፤ መጠናቸው ግን ይቀራረባል። ስለዚህ ላንታናይዱ ካልሲየም የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይገባል፣ የፒኪውኪውን ኤሌክትሮን የመሳብ ጉልበት ግን ይበልጥ ያጎለብታል። ኢንዛይሙ ተጨማሪውን ሙል ለመሸከም አንድ ተጨማሪ አስፓርቲክ አሲድ አበጅቷል፤ ተመራማሪዎች ዛሬ የላንታናይዱን ዘር ከካልሲየሙ የሚለዩት በዚህች አንድ አሚኖ አሲድ ነው። ሁለቱንም ዘረመል የያዙ ባክቴሪያዎች በአካባቢያቸው ላንታነም ሲያገኙ የካልሲየሙን ኢንዛይም ማምረት ያቆማሉ፣ የላንታናይዱን ይጀምራሉ። በ2017 ደግሞ በአፈር ውስጥ በብዛት በሚገኘው ፕሱዶሞናስ ፑቲዳ ዘንድ ኢታኖልንና ሌሎች አልኮሎችን የሚያቃጥል ተመሳሳይ ጥንድ ተገኘ፤ አንዱ በካልሲየም፣ አንዱ በላንታናይድ የሚሠራ። ነገሩ የሜታኖል በላተኞች ብቻ አልነበረም።

የማግኔቱ ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል። አንድ ባክቴሪያ ላንታናይድ ከፈለገ፣ በአፈር ውስጥ በካልሲየምና በብረት ባሕር መካከል ጠብታ ያህል ብቻ ያለውን ላንታናይድ መርጦ የሚይዝበት መሣሪያ ሊኖረው ግድ ነው። በ2018 በፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጆሴፍ ኮትሩቮ ቡድን ያንን መሣሪያ ሜቲሎባክቴሪየም በተባለ ባክቴሪያ ውስጥ አገኘና ላንሞዱሊን አለው። ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ ላንታናይድን ከካልሲየም ይልቅ በመቶ ሚሊዮን እጥፍ ያህል አብልጦ ይይዛል፣ በአሲድ ውስጥም አይፈርስም። በ2023 ያው ቡድን በኦክ ዛፍ እምቡጥ ላይ ከሚኖር ሌላ ባክቴሪያ አንድ ዘመዱን አወጣ። ይኸኛው ትልልቆቹን ላንታናይዶች ሲይዝ ሁለት ሁለት ሆኖ ይጣመራል፣ ትንንሾቹን ሲይዝ በደንብ አይጣመርም። ተመራማሪዎቹ ይህችን ልዩነት ተጠቅመው ኒዮዲሚየምን ከዲስፕሮሲየም በአንድ ዙር ብቻ ከ98 በመቶ በላይ ጥራት ለይተዋል። ኒዮዲሚየምና ዲስፕሮሲየም! የኤሌክትሪክ ሞተር ማግኔት ውስጥ ያሉት ጥንድ። ይህን የሚሠራው ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ፕሮቲን ነው፤ ያለ ኬሮሲን። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ሜቲሎባክቴሪየምን በሜታኖልና በተፈጨ የኤሌክትሮኒክስ ማግኔት ላይ አሳድገው ላንታናይዱን ሴሉ ውስጥ እንዲያከማች አድርገዋል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች የሩቅ አገር ፍጥረቶች አይደሉም። ቅጠል ሲያድግ በሴሉ ግድግዳ ውስጥ ካለው ፔክቲን ሜታኖል ይለቃል፤ ሜቲሎባክቴሪየም ያንን ሜታኖል እየበላ በዕፅዋት ቅጠል ላይ በየትኛውም አገር ይኖራል። አራት ኪሎ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከሚገኙ ዛፎች የአንዱን ቅጠል ሜታኖል ብቻ ምግብ ሆኖ በገባበት አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ጄሊ መሰል ነገር) ላይ ለአፍታ አስነክቶ ማንሳት ነው፤ ከቀናት በኋላ ቅጠሉ ባረፈበት ቦታ ሮዝ ቀለም ያላቸው የባክቴሪያ ክምችቶች ይበቅላሉ። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከዚያ በፕላስቲክ ዕቃ (ብርጭቆ ራሱ ጥቂት ላንታናይድ ይለቃልና) አንዱን ሳህን ከካልሲየም ጋር፣ ሌላውን ከላንታነም ጋር ማሳደግ ይቻላል። ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሁነኛ ሥራ ነው፤ ከቅጠላችን የሚወጣውን የላንሞዱሊን ዘር ማንም ገና አልጠየቀውም ብዬ ሳይሆን፣ መጠየቁ ርካሽ ስለሆነ ነው።

አሲዳማ ፍል ውሃዎች ደግሞ ሌላ በር ናቸው። የዚህች ከተማ መነሻ የሆነው ፍልውሃ ሞቃት ነው እንጂ እንደ ሶልፋታራ አሲድ አይደለም፤ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ነው፣ እንዲህ ባለው ውሃ ላንታናይድ በደንብ አይሟሟም። በስምጥ ሸለቆና በአፋር ግን ከምድር ጋዝ የሚያወጡ፣ አሲድ የሆኑ ቦታዎች አሉን። እዚያ ናሙና የሚሰበስብ ሰው ሊያስታውሰው የሚገባ ታሪክ አለ። የፒሲአር ምርመራ የቆመበት ኢንዛይም በ1966 ከየሎስቶን ፍል ውሃ ከተወሰደ ባክቴሪያ ነው የመጣው፤ የፒሲአር ባለቤትነት መብት በ1991 በ300 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ፓርኩ ምንም አላገኘም። እኛ አዋጅ አለን፦ በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብት አርካቦትን፣ ማለትም ሀብቱን ወስዶ መጠቀምን፣ ይገዛል፣ ደቂቅ ዘአካላትንም ያጠቃልላል። ነገር ግን ፈቃድ መስጠትና መከልከል ብቻውን ሀብት አይፈጥርም። ባክቴሪያውን አሳድጎ፣ ዘረመሉን አንብቦ፣ በራሱ ስብስብ ውስጥ ያስቀመጠ አገር ነው በድርድር ጠረጴዛ ላይ የሚናገረው ያለው።

ልክ ያልሆነ ተስፋ መስጠት አልፈልግም። ፕሮቲኑ በላቦራቶሪ ሠርቷል ማለት ነገ ፋብሪካ ይቆማል ማለት አይደለም፤ በዓለም ዙሪያ እንኳ ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው ብርቅዬ ማዕድን ከ1 በመቶ በታች ነው። አስቸጋሪውም እርምጃ ከኬሚስትሪው በፊት ያለው ነው። ያረጀ ሞተር ዛሬ ባለው አሠራር በቁራሌው በኩል ወደ ምናለሽ ተራ ወይም ወደ ብረት ማቅለጫ ቢሄድ፣ መዳቡ ተለይቶ ይሸጣል፣ ማግኔቱ ግን ከብረቱ ጋር እቶን ውስጥ ቢገባ ኒዮዲሚየሙ ኦክሳይድ ሆኖ ከቀለጠው ብረት ላይ ከሚንሳፈፈው ዝቃጭ ጋር ይወጣል። ከዚያ በኋላ የትኛውም ባክቴሪያ በአዋጭ ዋጋ አያወጣውም። ማግኔት ያለውን ሞተር ከሌለው መለየትም ያስፈልጋል፤ አንዳንድ መኪኖች ያለ ማግኔት በሚሠራ ኢንዳክሽን ሞተር ነው የሚንቀሳቀሱት።

ስለዚህ የሚጠበቀው ሥራ ሁለት ቦታ አለው። መኪና ሲገባ የሞተሩ ዓይነትና የማግኔቱ ይዘት በጉምሩክ ሰነድ ላይ ይመዝገብ፤ መረጃው በአምራቹ ዘንድ አለ፣ ዛሬ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ማንም አያገኘውም። የቁራሌው ነጋዴ ማግኔቱን ነቅሎ ለብቻ እንዲያስቀምጥ ደግሞ ዋጋ ይቀመጥለት፤ ዋጋ ያለውን ነገር እሱ ከማንም በላይ መለየት ያውቅበታል። የተጠራቀመው ማግኔት ለጊዜው ወደ ውጭ ቢሸጥ እንኳ በዝቃጭ ውስጥ ከመቅረቱ ይሻላል። በዚህ መካከል አራት ኪሎ ያሉት ተማሪዎች አሥር ዓመት ገደማ ጊዜ አላቸው፤ አሁን የገቡት መኪኖች ማርጀት የሚጀምሩት ያኔ ነው።